የናፍጣ ፈርነስ ሰርቪስ ማለት ጠርጎ መሄድ አይደለም

የናፍጣ ፈርነስ ያለው ሰው ማሽኑን የሚያስታውሰው ቤቱ ሲቀዘቅዝ ነው። እስከዚያ ድረስ ምድር ቤት ውስጥ ወይም አንድ ጥግ ላይ ሆኖ ዝም ብሎ ይሠራል። ይነሳል፣ ያሞቃል፣ ይጠፋል። «የሚሠራ ነገር አይነካም» የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ይሄ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ድንገት አይሞትም። ቀስ በቀስ ነው የሚደክመው። እየደከመም ቤቱን ማሞቁን ስለማያቆም፣ ብዙ ናፍጣ እየበላ ትንሽ ሙቀት እየሰጠ፣ ማንም ሳያውቅበት የብርዱ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ።

ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፍበት። ፈርነስ ስል ናፍጣ አቃጥሎ አየር የሚያሞቀውንና በቱቦ ወደየክፍሉ የሚነፋውን ነው። ውሃ የሚያሞቅ ቦይለር ያላችሁም አንብቡት። እሳቱን የሚያነደው ክፍል፣ በርነሩ፣ ሁለቱም ላይ በመሠረቱ አንድ ነው። ልዩነቱ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚሄደው አየር ነው ወይስ ውሃ የሚለው ላይ ነው።

በመጀመሪያ እሳቱ እንዴት እንደሚነድ ማወቅ ይጠቅማል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከዚህ ስለሚመጣ። የማሞቂያ ናፍጣ እንደ ቤንዚን በቀላሉ እሳት አይዝም። ፈሳሽ ሆኖ አይነድም ማለት ይቻላል። እንዲነድ መጀመሪያ ወደ ጉም መለወጥ አለበት። ፓምፑ ናፍጣውን ከታንከሩ ስቦ በግፊት ወደ ኖዝሉ ይልከዋል። በቆዩ በርነሮች ላይ ግፊቱ 100 ፒ.ኤስ.አይ (ወደ 7 ባር) ነው፤ አዳዲሶቹ ላይ 140፣ 150 እና ከዚያም በላይ ይሆናል። ኖዝሉ እንደ ሽቶ ብልቃጥ አፍ ናፍጣውን በትኖ ይረጨዋል። የበርነሩ ማራገቢያ አየር ይነፋበታል። 10,000 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ የሚሰጥ ትራንስፎርመር በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል ብልጭታ ያዘልላል። እሳቱ ይያያዛል። ትኩሱ ጭስ በሙቀት ማስተላለፊያው ብረት ውስጥ አልፎ ወደ ጭስ ማውጫው ይሄዳል፣ የቤቱ አየር ደግሞ በብረቱ በሌላኛው ፊት አልፎ ሞቆ ይወጣል። ጭሱና የቤቱ አየር በፍጹም መገናኘት የለባቸውም።

እንግዲህ አራት ነገር ነው፦ ናፍጣ፣ አየር፣ ብልጭታ፣ እና የጭስ ማውጫው መሳብ (ጭሱን ወደ ውጭ ጎትቶ ማውጣቱ)። ከአራቱ አንዱ ሲዛባ እሳቱ ይቆሽሻል። ሰርቪስ የሚባለው ነገር እነዚህን አራቱን አንድ በአንድ መፈተሽ ነው።

ኖዝሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም ትንሹና ከሁሉም በላይ የሚናቀው ዕቃ እሱ ስለሆነ። ላዩ ላይ ቁጥሮች ተቀርጸውበታል። ለምሳሌ 0.85፣ 80° እና ቢ የሚል ፊደል ልታዩ ትችላላችሁ። 0.85 ማለት በሰዓት ስንት የአሜሪካ ጋሎን እንደሚረጭ ነው (አንዱ ጋሎን ወደ 3.8 ሊትር ነው)። 80° የሚረጨው ጉም ምን ያህል ሰፍቶ እንደሚወጣ ይናገራል። ፊደሉ ደግሞ ጉሙ መሃሉ ባዶ ነው ወይስ ሙሉ የሚለውን ነው። ሦስቱም ከእናንተ በርነር ጋር መስማማት አለባቸው፤ ጉሙ ከምድጃው፣ ማለት እሳቱ ከሚነድበት ቦታ፣ በላይ ከሰፋ ግድግዳውን መትቶ ወደ ጥቀርሻ ይለወጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በኖዝሉ ላይ ያለው ቁጥር የሚሠራው በ100 ፒ.ኤስ.አይ ግፊት ነው። ፓምፑ 140 ላይ ከተስተካከለ ያው 0.85 የተባለ ኖዝል በሰዓት ወደ 1 ጋሎን ይረጫል። ይህን ሳያሰላ «ትንሽ ተለቅ ያለ ኖዝል ላድርግላችሁ፣ ቤቱ ቶሎ ይሞቃል» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ አይሆንም በሉት። ማሽኑ ከተሠራበት በላይ ናፍጣ ከገባበት የሚተርፈው ጥቀርሻ ነው። ትክክለኛው የኖዝል ቁጥር ማሽኑ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ወይም በመመሪያው ላይ ተጽፏል።

ኖዝል አይጸዳም፣ ይቀየራል። ቀዳዳው በጣም ቀጭን ስለሆነ በሽቦ የጎረጎረው ሰው ኖዝሉን አጠፋው ማለት ነው። አዲሱንም ፊቱን በጣት መንካት አያስፈልግም፤ የጣት ቅባትና ትንሽ ብናኝ እንኳ የጉሙን ቅርጽ ያዛባሉ። ዋጋው ከናፍጣው አንጻር ምንም ስላልሆነ በየዓመቱ ይቀየር። «ገና ደህና ነው» ብሎ አሮጌውን መልሶ የሚያስር ሰው ለምን እንደመጣ አይገባኝም።

ጥቀርሻው ላይ እንምጣ። ኖዝሉ ሲያረጅ ወይም በከፊል ሲደፈን ጉሙ ይሻክራል፣ ጠብታዎቹ ይተልቃሉ። ትልቅ ጠብታ ነዶ ሳያልቅ ይቀራል፣ የቀረው ካርቦን በሙቀት ማስተላለፊያው ብረት ላይ ይለጠፋል። ጥቀርሻ ደግሞ ሙቀት አያሳልፍም። ስለዚህ ወደ ቤቱ መግባት የነበረበት ሙቀት በጭስ ማውጫው ይወጣል። ቤቱ ቶሎ ስለማይሞቅ ማሽኑ ረዘም ላለ ሰዓት ይነዳል። ረዘም ባለ ቁጥር ጥቀርሻው ይጨምራል፣ ሲጨምር የጭሱን መንገድ ያጠባል፣ መንገዱ ሲጠብ እሳቱ የሚያገኘው አየር ይቀንሳል፣ ዙሩ እየከረረ ይሄዳል። የናፍጣ ፈርነስ በየዓመቱ ሰርቪስ ይደረግ የሚባለው ለዚህ ነው። ጋዝ የሚያቃጥለው በዚህ ረገድ ትንሽ ይታገሳል፣ የናፍጣው ግን አይታገስም።

አሁን ወደ ርዕሴ። አንድ ባለሙያ መጥቶ ጥቀርሻውን በቫኪዩም ጠርጎ፣ ፊልትሮውን ቀይሮ፣ እሳቱን በትንሿ መስኮት አየት አድርጎ «አሪፍ ነው፣ ቢጫ ሆኖ ይነዳል» ብሎ ከሄደ ሥራው ግማሽ ነው። እኔ ቤት እንዲህ አድርጎ የሄደ ሰው አለ፤ የመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ አንድም መለኪያ አልነበረም። እሳት በዓይን አይስተካከልም። አየሩ ሲያንስ ጭስና ጥቀርሻ ይመጣል፣ ይሄን ዓይን ሊያይ ይችላል። አየሩ ከመጠን በላይ ሲበዛ ግን እሳቱ ደማቅና ንጹህ ሆኖ ይታያል፤ ነገር ግን ያ ትርፍ አየር ቤቱን ማሞቅ የነበረበትን ሙቀት ይዞ በጭስ ማውጫው ይሄዳል። ይህን የሚነግራችሁ መለኪያ ብቻ ነው።

ትክክለኛ ሰርቪስ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፤ እናንተ እንድትሠሩት ሳይሆን፣ አጠገቡ ቆማችሁ ስትመለከቱ የተዘለለው ነገር እንዲታያችሁ። መጀመሪያ መብራቱ ይጠፋል፣ የናፍጣው ቫልቭ ይዘጋል። የጭስ ቱቦው ተፈትቶ ይጸዳል፣ የሙቀት ማስተላለፊያው መተላለፊያዎች በብሩሽ ይፋቃሉ፣ በቫኪዩም ይሳባሉ። ቫኪዩሙ ለጥቀርሻ የተሠራ መሆን አለበት፤ የቤት ምንጣፍ የምንጠርግበት ጥቀርሻውን በአንድ በኩል ስቦ በሌላ በኩል ቤቱ ውስጥ ይበትነዋል። ምድጃው በነጭ የሴራሚክ ቃጫ የተለበደ ከሆነ በብሩሽ አይፋቅም፣ በእሳት ከተቃጠለ በኋላ ስስና ተሰባሪ ይሆናል። ብናኙም ለሳንባ ጥሩ ስላልሆነ ጭምብል ያስፈልጋል። ሙቀት ማስተላለፊያው ላይ ስንጥቅ ወይም የዛገ ቀዳዳ ካለ የሚታየው በዚህ ሰዓት ነው፣ ከተገኘም ማሽኑ እንደገና አይነሳም።

ከዚያ የናፍጣው መስመር አለ። ከታንከሩ በኋላ ያለው ፊልትሮ ይቀየራል፣ ጓርኒሲዮኑም አብሮ። ፓምፑ ክዳን ውስጥ ትንሽ ወንፊት አለች፤ ብዙ ሰው ይረሳታል። ኤሌክትሮዶቹ ይጸዳሉ፣ ሸክላቸው የተሰነጠቀ እንደሆነ ይታያል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን የመጨረሻው ቃል የአምራቹ መመሪያ ነው። ኤሌክትሮዱ ወደ ኖዝሉ ጉም ከገባ ጥቀርሻ ይይዛል፣ ከራቀ ደግሞ እሳቱ ዘግይቶ ይያያዛል። ማሽኑ ሲነሳ «ቡም» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። የበርነሩ ማራገቢያ ክንፎችም ይጸዳሉ። አቧራና የናፍጣ ቅባት ተቀላቅሎ ክንፎቹን ሲሞላቸው ማራገቢያው ይዞራል እንጂ አየር አይነፋም።

ሁሉም ተመልሶ ከታሰረ በኋላ ነው ዋናው ሥራ የሚጀመረው። የፓምፑ ግፊት በጌጅ ይለካል። በጭስ ቱቦው ላይ፣ በማሽኑና በመሳብ ማስተካከያው (ቱቦው ላይ ባለችው ተወዛዋዥ ክዳን) መካከል፣ ወደ 6 ሚሊ ሜትር የምትሆን ቀዳዳ አለች፤ ካልነበረች ትበሳለች። እሷ ቀዳዳ ላይ ነው የሚለካው። በመጀመሪያ የጭስ ማውጫው መሳብ ይለካል፣ እሱ ሳይስተካከል ሌላውን ማስተካከል ዋጋ ስለሌለው። ቀጥሎ የጭስ ምርመራ ይመጣል። በትንሽ የእጅ ፓምፕ ጭሱ በነጭ ወረቀት ውስጥ አሥር ጊዜ ይሳባል፣ ወረቀቱ ላይ የቀረው ጥቁረት ከ0 እስከ 9 ካለው መለኪያ ጋር ይተያያል። የሚፈለገው 0 ወይም በጭንቅ የምትታይ ጥላ ነው። ከዚያ በኤሌክትሮኒክ መለኪያ በጭሱ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ የጭሱ ሙቀት፣ በመጨረሻም የቃጠሎው ብቃት በመቶኛ ይታያል። ባለሙያው አየሩን ትንሽ ይከፍታል ወይም ይዘጋል፣ እንደገና ይለካል። ጥሩ ሆኖ የተስተካከለ ዘመናዊ ማሽን ከ80 በመቶ በላይ ያሳያል። ብዙዎቹ መለኪያዎች ውጤቱን በትንሽ ወረቀት ያትማሉ። ያንን ወረቀት ጠይቁ። አላተመም ቢላችሁ ቁጥሮቹን በእጁ ይጻፍላችሁ። እኔ ከዚህ በኋላ ያለ ቁጥር ሰርቪስ ተደረገ አልልም።

አንድ ምርመራ ደግሞ አለ፣ ቸኩሎ የሚሄድ ሰው የሚዘለው። በርነሩ ውስጥ ካድ ሴል የምትባል ትንሽ የብርሃን ሴንሰር አለች። ሥራዋ እሳት መኖሩን ማየት ነው። እሳት ካላየች፣ መቆጣጠሪያው እንደ ዓይነቱ ከ15 እስከ 45 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ሁሉንም ያጠፋል። ባለሙያው ይሄ በትክክል እንደሚሠራ እሳቱን ሆን ብሎ አጥፍቶ ማረጋገጥ አለበት። መስታወቷ ላይ ጥቀርሻ ከተቀመጠባት እሳት እያለም አታይም፤ ማሽኑ ያለ ምክንያት እየጠፋ ካስቸገራችሁ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሷ ናት፣ በንጹህ ጨርቅ መጥረግ ብቻ ሊበቃ ይችላል።

ይሄ ወደ ሪሴት ቁልፍ ያመጣኛል። እባካችሁ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ማሽኑ ሲጠፋ መቆጣጠሪያው ላይ ያለችውን ቀይ ቁልፍ አንድ ጊዜ መጫን ይቻላል። አንድ ጊዜ ብቻ። ቁልፏን በተጫናችሁ ቁጥር ፓምፑ ናፍጣ ወደ ምድጃው ይረጫል። እሳቱ ካልተያያዘ ያ ናፍጣ እዚያው ይጠራቀማል። ብርድ የያዘው ሰው አምስት፣ ስድስት ጊዜ ይጫናል፤ በመጨረሻ ብልጭታው ሲመጣ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይያያዛል። ውጤቱ የጭስ ቱቦውን ከቦታው ሊነቅል የሚችል ምት ነው። ጥቀርሻው በአየር ቱቦዎቹ አልፎ መጋረጃ፣ ልብስ፣ ግድግዳ ሳይመርጥ ይለብሳል። የከፋም ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ተጭናችሁ ካልተነሳ ወይም ተነስቶ እንደገና ከጠፋ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፉና ባለሙያ ጥሩ። ሲመጣም ስንት ጊዜ እንደተጫናችሁ ንገሩት፤ በምድጃው ውስጥ ናፍጣ መኖር አለመኖሩን ሳያይ እንዳያስነሳው። ቤት ውስጥ ላሉት ሁሉ፣ በተለይ ለወጣቶቹ፣ ይሄን አስረዱ።

ከመጫናችሁ በፊት ደግሞ ቀላሉን እዩ። ቴርሞስታቱ በትክክለኛው ቦታ ላይ ነው? ባትሪው አልሞተም? በደረጃው ራስ ላይ ወይም በማሽኑ ክፍል በር ላይ ያለውን ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ ሰው መብራት መስሎት አጥፍቶት ይሆን? ፊውዙስ? ታንከሩ ውስጥ ናፍጣ አለ? ባለሙያ ተጠርቶ የተገኘው ችግር ጠፍቶ የቀረ ማብሪያ ማጥፊያ የሆነበት ቤት ብዙ ነው።

ናፍጣው ካለቀ መሙላት ብቻ አይበቃም፤ መስመሩ አየር ይስባል። የናፍጣ መኪና የያዘ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ፓምፑ ላይ አየር ማስወጫ ጫፍ አለች፣ ብዙ ጊዜ በ3/8 ኢንች መፍቻ ትከፈታለች። በላይዋ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ ይገባል፣ ሌላው ጫፍ ጠርሙስ ውስጥ ይሆናል። ጫፏ ተከፍታ በርነሩ ሲነሳ አረፋና አየር ይወጣል፤ አረፋ የሌለው ናፍጣ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ትዘጋለች። ጫፏ ክፍት እስካለች ናፍጣው ወደ ጠርሙሱ ስለሚሄድ ወደ ምድጃው አይረጭም። እጁ ለመሣሪያ የለመደ ሰው አንድ ጊዜ ቆሞ ካየው ሊሠራው ይችላል። ካልለመዳችሁ ግን ናፍጣ የሚያመጣላችሁን ድርጅት ጠይቁት። ናፍጣው ሳያልቅ እንደገና አየር የሚስብ ከሆነ ደግሞ መስመሩ ላይ የላላ ወይም የተበሳ ቦታ አለ ማለት ነው፤ በየጊዜው አየር ማስወጣት መፍትሔ አይደለም።

ታንከሩ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ፈርነሱን ሰርቪስ ያስደርጋል፣ ታንከሩን ግን ሃያ ዓመት ዞር ብሎ አያየውም። ግማሽ ባዶ በሆነ ታንከር ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ወደ ውሃ ይለወጣል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ይሰምጣል። እዚያ ሁለት ነገር ይሠራል፤ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል፣ ናፍጣና ውሃ በሚገናኙበት ላይ ደግሞ ባክቴሪያ ይራባና ዝቃጭ ይፈጠራል። ፊልትሮውን በተደጋጋሚ የሚደፍነው ያ ነው። ከውጭ አዲስ መስሎ የሚታይ ታንከር ከውስጥ ተበልቶ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ማሞቂያው በማይሠራባቸው ወራት ታንከሩ ሞልቶ ቢቀመጥ ይሻላል፣ ባዶ ቦታ ሲያንስ እርጥበቱም ያንሳል። ከሥሩ በእጃችሁ ዳብሱት፣ በፋኖስ ሳይሆን በባትሪ መብራት እዩት፣ እግሮቹ ቀጥ ብለው መቆማቸውን አረጋግጡ። የሚያልብ ቦታ፣ ዝገት ያበጠበት ቦታ፣ የናፍጣ ሽታ ካለ ነገ ዛሬ አትበሉ። አንዴ ወለል ውስጥ ወይም አፈር ውስጥ የገባ ናፍጣ ማውጣት ከአዲስ ታንከር ዋጋ እጅግ ይበልጣል።

ናፍጣ የሚያመጣው መኪና ሲሞላ የሚሰማውን ፉጨት ታውቁታላችሁ? አየሩ በመተንፈሻው ቱቦ ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ ፉጨቱ ሲቆም ታንከሩ ሞላ ማለት ነው። ገና ሲጀመር ፉጨት ካልተሰማ የሚሞላው ሰው ማቆም አለበት፣ መተንፈሻው ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። የነፍሳት ጎጆ፣ በረዶ፣ ቅጠል ይደፍነዋል። በተደፈነ መተንፈሻ ላይ በግፊት የሚገባ ናፍጣ ታንከሩን ሊቀደው ይችላል። በሚሞላበት ሰዓት ፈርነሱን አጥፉት፣ ከሞላም በኋላ የተበጠበጠው ዝቃጭ እስኪረጋ አንድ ሁለት ሰዓት ቆዩ።

ታንከራችሁ ደጅ ከሆነ ብርዱም ይነካዋል። ናፍጣ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፤ የወፈረ ናፍጣ በኖዝሉ ሲወጣ ጠብታው ትልቅ ይሆናል፣ እሳቱ ይቆሽሻል። በጣም ሲበርድ ውስጡ ያለው ሰም እየረጋ ፊልትሮውን ይዘጋዋል። ለዚህ ነው ብርድ በሚበረታበት ቦታ ናፍጣው ከላምባ ጋር ተቀላቅሎ የሚሸጠው። ናፍጣ አቅራቢውን ስታዙ ታንከሩ ደጅ መሆኑን ንገሩት።

ማሞቂያውን ወደ ሌላ ዓይነት ቀይራችሁ ታንከሩን ካወጣችሁ፣ ከግድግዳው ውጭ የሚታየውንም የመሙያ ቱቦ አስወጡት ወይም በሲሚንቶ ድፈኑት። አድራሻ ተሳስቶ የመጣ መኪና በዚያ ቱቦ ታንከር የሌለበት ምድር ቤት ውስጥ መቶ ጋሎኖች ያፈሰሰባቸው ቤቶች አሉ። የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ መዘንጋት የለበትም።

የቤቱ ባለቤት በእጁ የሚሠራው ምንድነው ብትሉኝ፣ የመጀመሪያው የአየር ፊልትሮ ነው። ከናፍጣው ፊልትሮ ጋር አትቀላቅሉት፤ ይሄኛው የቤቱን አየር የሚያጣራው ነው። እንደ አቧራው መጠን ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ይቀየራል። ላዩ ላይ ያለው ቀስት አየሩ ወደሚሄድበት፣ ማለት ወደ ማሽኑ፣ ይመልከት። የተደፈነ ፊልትሮ አየሩን ሲያንቀው ሙቀት ማስተላለፊያው ከልክ በላይ ይግላል፤ ብረቱ በጊዜ ብዛት የሚሰነጠቅበት አንዱ መንገድ ይሄ ነው። የቆየ ማሽን ከሆነ የማራገቢያው ሞተር የዘይት ጠብታ የሚገባበት ትንሽ ቀዳዳ ይኖረዋል፣ በየዓመቱ ለኤሌክትሪክ ሞተር የሚሆን ዘይት ጥቂት ጠብታ ለኩሽኔታው ይበቃዋል፣ ማብዛት አያስፈልግም። ቺንጋ ካለው መሰንጠቁንና መላላቱን እዩ። መብራቱን አጥፍታችሁ ነው ታዲያ።

ቀጥሎ የማሽኑ ዙሪያ። እሳቱ አየር ይፈልጋል፤ ክፍሉን ሙቀት እንዳይወጣ ብላችሁ ጥርቅም አድርጋችሁ አትድፈኑት። ቀለም፣ በረኪና፣ ቀለም ማቅጠኛ አጠገቡ አይቀመጥ። የእሳት አደጋው እንዳለ ሆኖ፣ ከእነዚህ ከአንዳንዶቹ የሚወጣ የክሎሪን ትነት ወደ እሳቱ ሲገባ አሲድ ይሆንና ብረቱን ይበላል። ጭስ ቱቦው ላይ ያለችው ክብ ተወዛዋዥ ክዳን፣ የመሳብ ማስተካከያዋ፣ በነፃነት መወዛወዝ አለባት። ሙቀት ታባክናለች ብሎ በፕላስተር የሚያሽጋት ሰው አለ። አትንኳት። በዙሪያዋ ጥቀርሻ ካያችሁ ግን ጭሱ ወደ ውጭ መሄዱን ትቶ ወደ ቤት እየተመለሰ ነው፣ ያን ጊዜ ማሽኑን አጥፍቶ ባለሙያ መጥራት ነው።

የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ሳይኖር ይህን ማሽን ማንደድ ትክክል አይደለም። ጋዙ ሽታ የለውም፣ አይታይም። የናፍጣ እሳት ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይሸታል፣ ይጨሳልም፣ ሰውም በዚህ ተማምኖ ማስጠንቀቂያውን ችላ ይላል። ሽታው ግን ሁልጊዜ አይቀድምም፣ ተኝቶ ያለ ሰውም ሽታ አይቀሰቅሰውም። መኝታ ቤቶቹ አጠገብ አንድ አድርጉ፣ በየፎቁም አንድ አንድ ቢኖር መልካም ነው። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው፣ ደጅ ሲወጣም ከተሻለው፣ መጀመሪያ ሰዎቹን አውጡ፣ ከደጅ ሆናችሁ እሳት አደጋ ደውሉ።

ሰርቪሱን የምታስደርጉት ብርዱ ሳይመጣ ቢሆን ይመረጣል። ባለሙያዎቹ ያኔ ጊዜ አላቸው፣ አይቸኩሉም፣ መለዋወጫ ቢጠፋም ቤቱ ሳይቀዘቅዝ ይደርሳል። የመጀመሪያው ብርድ ዕለት ግን ስልካቸው አይነሳም።

ከማሽኑ ጎን ላይ አንድ ካርድ ስቀሉ። ቀኑ፣ የተቀየረው ኖዝል ቁጥር ከነዲግሪውና ከነፊደሉ፣ የፓምፑ ግፊት፣ የጭሱ ምርመራ ውጤት፣ የጭሱ ሙቀት፣ የብቃቱ መቶኛ ይጻፍበት። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ሌላ ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ ካርዱን አይቶ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። እናንተም የጭሱ ሙቀት ካለፈው ዓመት በጣም ጨምሮ ካያችሁ ሙቀቱ በጭስ ማውጫው እየሄደ መሆኑን ታውቃላችሁ፣ ለምን ብላችሁም ትጠይቃላችሁ። ካርዱ ላይ የናፍጣ አቅራቢውንና የባለሙያውን ስልክ፣ የናፍጣው ቫልቭ የት እንዳለ፣ የማሽኑ ማብሪያ ማጥፊያ የትኛው እንደሆነም ጻፉበት፤ እናንተ በሌላችሁበት ቀን ቤት ያለው ሰው እንዳይቸገር።